ጄኔሬተሩ ለምን ጥላሸት ይተፋል? ጭሱን ደረጃ በደረጃ መቀነስ

ጎረቤታችን ያሉ እናት አንድ ጠዋት ነጭ ነጠላቸውን ይዘው ወደ ግቢያችን ገቡ። «ልጄ፣ እስቲ ይሄን እየው» አሉኝ። ነጠላው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ተበትኗል። በጣቴ ስነካው ተቀባብኝ። ዘይት ዘይት ይላል። ሌሊቱን መብራት ሄዶ ጄኔሬተራችን ሲሠራ ነው ያደረው። ጭስ ማውጫው ደግሞ ከእሳቸው የልብስ ማስጫ ገመድ ብዙም አይርቅም። የምለው ጠፋኝ። ይቅርታ ጠይቄ ሸኘኋቸው።

የሕንፃ ጥገና ሠራተኛ ነኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ጄኔሬተሩ ከተነሳና መብራት ከሰጠ ሥራዬ አልቋል ብዬ ነበር የማስበው። ጥቁር ጭስ ሳይም «ማጣሪያ ይገጠምለት» ከማለት አላልፍም። ነገሩ ግን ከጭስ ማውጫው ጫፍ አይጀምርም። የሚጀምረው ከሎዱ፣ ማለትም ጄኔሬተሩ ከተሸከመው የኤሌክትሪክ ጭነት ነው። ማጣሪያ የመጨረሻው ሥራ ነው፤ አለቦታው ከገባ ጭራሽ ያባብሳል።

የምጽፈው ትልቅ የናፍጣ ጄኔሬተር ላለው ሕንፃ፣ ሆቴል፣ ሆስፒታል ወይም ፋብሪካ ነው። ምሳሌዬ የኛው 500 ኬቪኤ (የጄኔሬተር አቅም መለኪያ) ነው። በ0.8 ፓወር ፋክተር (ከዚያ አቅም ሥራ ላይ በሚውለው ድርሻ) ሲሰላ 400 ኪሎዋት ማለት ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ጥላሸቱ ከየት ይመጣል?

ናፍጣ ሞተር ውስጥ መጀመሪያ የሚጨመቀው አየሩ ነው። አየሩ ሲጨመቅ ይግላል፤ ናፍጣው በዚያ ግለት ላይ ይረጫል። የርጭቱ መሃል ላይ ነዳጁ ይበዛል፣ ኦክስጅን ያጥራል። ካርቦኑ ተቋጥሮ ጥላሸት የሚሆነው እዚያ ነው። አብዛኛው ወዲያው ኦክስጅን አግኝቶ ይቃጠላል። አየሩ ወይም ሙቀቱ ወይም ጊዜው ካልበቃው ግን ተርፎ ይወጣል። ሲወጣ ደግሞ ብቻውን አይደለም። ያልተቃጠለ ናፍጣ፣ የሞተር ዘይት፣ ከነዳጁ ድኝ የሚመጣ ሰልፌት እና ጥቂት አመድ ይለጠፍበታል።

አብዛኛው ብናኝ ከ1 ማይክሮን ያነሰ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ከ50 እስከ 70 ማይክሮን ይሆናል። ስለዚህ ሳንባን ዘልቆ የሚገባው ብናኝ በዓይን የሚታይ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የናፍጣ ሞተር ጭስን በ2012 እ.ኤ.አ. በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትል ከተረጋገጠላቸው ነገሮች ተርታ አስገብቶታል። ድርጅቱ በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ደግሞ ፒኤም 2.5 የሚባለው ደቃቅ ብናኝ በዓመት አማካይ ከ5 ማይክሮግራም በሜትር ኪዩብ እንዳይበልጥ ይመክራል።

ታዲያ ነጠላው ላይ የነበረው ምንድን ነው? እሱ ደቃቁ ብናኝ አይደለም። ቱቦው ውስጥ ተጠራቅሞ፣ ዘይትና ናፍጣ ጠጥቶ የተራገፈ ቅርፊት ነው። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ደረጃ 1፦ ቆማችሁ ተመልከቱ፣ ጻፉም

መሣሪያ አያስፈልግም። ደብተር፣ ሰዓት እና ትዕግሥት ይበቃል። ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጉ። ፀሐይ ፊት ለፊት ከሆነች ቀጭኑም ጭስ የጠቆረ ይመስላል። ከጭሱ ጀርባ ያለው ሰማይ ወይም ግድግዳ ቀለሙ ከጭሱ የተለየ ይሁን። ትንሽ ራቅ ብላችሁ በጣም የጠቆረውን ቦታ በየ15 ሰከንዱ ለአፍታ ተመልከቱና ቁጥር ስጡት። እስከ 6 ደቂቃ ቀጥሉ። 24 ቁጥር ይኖራችኋል፤ አማካዩን ውሰዱ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም ተመልካቾች የሚሠሩትም በዚሁ መንገድ ነው፤ እነሱ ግን ሠልጥነው ፈተና ያልፋሉ።

ቁጥሩን ለመስጠት የሪንገልማን ሰንጠረዥ ይረዳል። ማክሲሚልያን ሪንገልማን የተባለ ፈረንሳዊ ፕሮፌሰር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያወጣው ነው። ነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር መስመር የተሠሩ መደቦች አሉት። 1 ማለት 20 በመቶ ጥቁር፣ 2 ማለት 40 በመቶ፣ እያለ እስከ 5 ይሄዳል። ደህና የሚሠራ ሞተር ከሞቀ በኋላ ጭሱ በዓይን ሊታይ አይገባም። ያለማቋረጥ 1 እና ከዚያ በላይ ካያችሁ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው።

ቀለሙንም ጻፉ። ጥቁር ከሆነ ነዳጁ ለአየሩ በዝቷል። ሰማያዊ ከሆነ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው። ነጭ ከሆነ ወይ ሞተሩ ገና አልሞቀም፣ ወይ ናፍጣው ሳይቃጠል እየወጣ ነው፣ ወይም ውሃ ሲሊንደር ውስጥ እየገባ ነው። ጠዋት ብርድ ላይ የሚታየውን እንፋሎት ግን ከጭስ አትቁጠሩት። እንፋሎት ትንሽ ሄዶ ይጠፋል፤ ጭስ ይቀራል።

ከሁሉ በላይ ግን መቼ እንደሚጨስ ጻፉ። ሲነሳ ብቻ ነው? ሊፍት ሲገባበት ነው? ሎዱ ሲከብድ ነው? ወይስ ሌሊት ሁሉም ተኝቶ ሎዱ ቀሎ ሲያድር? መልሱ ከሚቀጥሉት ደረጃዎች የትኛው ላይ እንደምታተኩሩ ይነግራችኋል።

ደረጃ 2፦ ጄኔሬተሩ ምን ያህል እንደተሸከመ እወቁ

አብዛኛው ሰው የሚዘለው ይህንን ነው። የኔም ጥፋት እዚህ ነበር።

የመቆጣጠሪያ ፓነሉ ላይ ኪሎዋቱ ይታያል። ለአንድ ሳምንት፣ መብራት በሄደ ቁጥር፣ በየግማሽ ሰዓቱ ይመዝገብ። የሌሊት ተረኛው ጥበቃ እንኳ ቁጥር መጻፍ አያቅተውም። እኛ ያገኘነው ይህን ነው፦ ቀን ላይ ከ150 እስከ 200 ኪሎዋት፣ ሌሊት 45 ኪሎዋት። 45 ለ400 ሲካፈል 11 በመቶ ነው።

11 በመቶ ለሞተሩ ከባድ ነገር ነው። «ሥራ ቀለለለት፣ ምን ችግር አለው?» ትሉ ይሆናል። ሰው ቢሆን እውነት ነበር። ናፍጣ ሞተር ግን ሥራ ሲቀልለው ይበርደዋል። ሲሊንደሩ በቂ አይግልም። የፒስተኑ ቀለበት ከግድግዳው ጋር በደንብ አይጣበቅም፤ ስለዚህ ዘይት ወደ ላይ ይሾልካል። ናፍጣው በከፊል ሳይቃጠል ይወጣል። ቱርቦው በቂ አየር አይገፋም። ይህ ሁሉ ተደባልቆ ቱቦውና ማርሚታው ውስጥ ጥቁር ዝቃጭ ይሆናል። በሙያው ዌት ስታኪንግ ይሉታል። ማርሚታው መጋጠሚያ ላይ ጥቁር ዘይታማ ነገር ሲያንጠባጥብ ካያችሁ እሱ ነው።

ከዚያ ይነጋል። ኩሽናው ይከፈታል፣ ሊፍቱ ይነሳል፣ የውሃ ፓምፑ ይገባል። ሎዱ ድንገት ሦስትና አራት እጥፍ ይሆናል። ጭሱ ግሎ በኃይል ሲወጣ ሌሊት የተጠራቀመውን ይዞት ይበራል። ነጠላው ላይ ያረፈው የሌሊቱ 11 በመቶ ነበር።

ሎዱ ከዚያ በታች መውረድ የሌለበት መስመር 30 በመቶ አካባቢ ነው። የመጠባበቂያ ጄኔሬተር የአሜሪካ ደረጃ የሆነው ኤንኤፍፒኤ 110 ወርሃዊ ፈተናው ቢያንስ በ30 በመቶ ሎድ ለ30 ደቂቃ እንዲሆን ይጠይቃል። ይህ ካልተቻለ በዓመት አንድ ጊዜ በሰው ሠራሽ ሎድ 50 በመቶ ላይ ለግማሽ ሰዓት፣ ከዚያ 75 በመቶ ላይ ለአንድ ሰዓት ይሠራል። እኛ ሀገር የተለመደው ግን ሌላ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ያለምንም ሎድ አስነስቶ 15 ደቂቃ «ማሞቅ»። ያ ማሞቅ አይደለም። ያለ ሎድ ማስነሳት በሳምንት አንዴ ቱቦውን ጥላሸት መቀባት ነው።

ደረጃ 3፦ ሎዱን አስተካክሉ

አንደኛው መንገድ ሎድ መጨመር ነው። ያለ ጥቅም ነዳጅ ማቃጠል አይደለም የምለው። ሆቴል ከሆናችሁ የውሃ ማሞቂያ፣ የልብስ ማጠቢያና ማድረቂያ አላችሁ። እነሱን ጄኔሬተሩ በሚሠራበት ሰዓት አስገቧቸው። እኛ ሌሊት የውሃ ማሞቂያዎቹን ወደ ጄኔሬተር መስመር አዛወርናቸው፤ ሎዱ ከ45 ወደ 130 ኪሎዋት ወጣ። እንግዶቹም ጠዋት የሞቀ ውሃ ያገኛሉ። ይህን የሚሠራው ግን ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሻን ይሁን። ኬብሉ፣ ብሬከሩ እና መቀያየሪያው ያንን ጭነት መሸከማቸውን ሳያረጋግጥ እንዳይነካ።

ሁለተኛው መንገድ ትንሽ ጄኔሬተር ነው። ሌሊት 45 ኪሎዋት ብቻ ከፈለጋችሁ 100 ኬቪኤ በቂ ነው። ትልቁ ይረፍ። አዲስ ሕንፃ የምትገነቡ ደግሞ አንድ 1,000 ኬቪኤ ከምትገዙ ሁለት 500 ገዝታችሁ በፓራሌል፣ ማለትም ሎዱን ተካፍለው ጎን ለጎን አሠሯቸው። ሎዱ ሲቀንስ አንዱ ራሱ ይጠፋል። ዋጋው ይጨምራል፤ ግን አንዱ ሲበላሽ ሕንፃው አይጨልምም። «ለማንኛውም ትልቁን ግዛ» የሚለው ምክር ብዙ ጄኔሬተር ፈጅቷል።

ሦስተኛው ሎዱ እንዴት እንደሚገባ ነው። ኤቲኤሱ (መብራት ሲሄድ መስመሩን ወደ ጄኔሬተር የሚያዞረው መቀያየሪያ) ሲቀያይር ሁሉም ነገር ባንዴ ከገባ ሞተሩ ፍጥነቱን ለመያዝ ነዳጅ ያጎርፋል። ቱርቦው ግን አየር ለመግፋት ጥቂት ሰከንድ ይፈልጋል። በዚያ ክፍተት ጥቁር ጭስ ይተፋል። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ ታይመር። መጀመሪያ መብራት፣ ከ10 ሰከንድ በኋላ የውሃ ፓምፕ፣ ከዚያ ሊፍት፣ በመጨረሻ ማቀዝቀዣ። ሆስፒታል ከሆነ ቅደም ተከተሉን የሚወስነው ሐኪሙ ነው እንጂ የጭሱ ነገር አይደለም።

የሞተሩ የውሃ ማሞቂያም ይሠራ። ብዙ ቦታ ፊዩዙ ተነቅሎ ነው የማገኘው። «ኤሌክትሪክ ይበላል» ብለው። ሞተሩ ለብ ብሎ ከተነሳ የመነሻው ነጭ ጭስ በጣም ይቀንሳል።

ደረጃ 4፦ አየሩን ፈትሹ፣ ከፍታውንም አትርሱ

ጭሱ የሚጠቁረው ሎድ ሲከብድ ከሆነ ጉዳዩ አየር ነው። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን እዩ። አብዛኛው ትልቅ ሞተር ፊልትሮው ሲደፈን ወደ ቀይ የሚዞር ትንሽ አመልካች አለው። በአየር መንፊያ አራግፎ መመለስ ይቅርባችሁ፤ ወረቀቱ ይበሳና አቧራው ሞተሩን ይበላዋል። ከቱርቦው እስከ ሞተሩ የገዛ አየር ማቀዝቀዣ ያሉትን ጎማ ቱቦዎችም ፈትሹ። የሳሙና አረፋ ቀብታችሁ ሞተሩ ሎድ ላይ እያለ ከፈላ ይሾልካል። የጋለውንና የሚሽከረከረውን ግን አትቅረቡ።

ክፍሉንም እዩ። የጄኔሬተር ክፍል ጠባብ ሲሆን ራዲያተሩ የሚያወጣው ሙቅ አየር ተመልሶ ይገባል። ሙቅ አየር ስስ ነው። ጭስ ማውጫው አየር መግቢያው አጠገብ ከሆነ ደግሞ ሞተሩ የገዛ ጭሱን ይተነፍሳል።

አሁን ወደ ከፍታው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ነች። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ላይ ናት፤ እዚያ ይብሳል። ድሬዳዋ 1,200 አካባቢ ስለሆነች ይሻላል፤ ግን ሙቀቱ ደግሞ አለ።

ጄኔሬተር 50 ኸርዝ ለመስጠት በደቂቃ 1,500 ዙር መያዝ አለበት። ሎዱ 300 ኪሎዋት ከሆነ የ300 ኪሎዋት ነዳጅ ይረጫል፤ ከፍታው ምንም ይሁን ምን። አየሩ ግን ቀንሷል። ዘመናዊ ኤሌክትሮኒክ ሞተር ይህን በተወሰነ መጠን ያውቃል፤ ቱርቦም ያካክሳል። የቆየ ሜካኒካል ፖምፓ ያለው ግን የትም ይሁን የት የፋብሪካውን ልክ ነው የሚረጨው። ስለዚህ የአቅም መግለጫ ሳህኑ ላይ 500 ኬቪኤ የሚል ጄኔሬተር አዲስ አበባ ላይ 500 ላይሆን ይችላል። የአምራቹ ማንዋል ውስጥ የከፍታ ቅነሳ ሰንጠረዥ አለ። ከሻጩ ጠይቁ፤ በጽሑፍ ይስጣችሁ። «ችግር የለውም፣ ይሠራል» የሚል መልስ መልስ አይደለም። እንደሚሠራማ እናውቃለን። ጭስ ሳያወጣ ይሠራል ወይ ነው ጥያቄው።

ደረጃ 5፦ ነዳጅና ኖዝል

እዚህ ላይ አልቆይም፤ መካኒካችሁ ከኔ ይበልጥ ያውቀዋል። የነዳጅ ታንከሩን ታች በየወሩ አፍስሱ፤ ውሃና ዝቃጭ ይወጣል። የነዳጅ ፊልትሮ በሰዓቱ ይቀየር። መጠባበቂያ ጄኔሬተር ሰዓት ስለማይቆጥር «ገና ነው» ይባላል፤ በዓመት ቢያንስ አንዴ ግን ቀይሩት። ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ የሚረጩት ኖዝሎች ወጥተው በመሞከሪያ ይታዩ። ጥሩ ኖዝል እንደ ጉም ይረጫል። የተበላሸ ኖዝል ያንጠባጥባል፤ እያንዳንዱ ጠብታ ጥላሸት ነው።

የናፍጣውን የድኝ መጠን አቅራቢያችሁን በጽሑፍ ጠይቁ። ማጣሪያ ልትገጥሙ ካሰባችሁ ይህ ቁጥር ይወስናል።

በነገራችን ላይ ከባድ ነዳጅ የሚጠቀሙ ትልልቅ ጣቢያዎች ጉዳይ ሌላ ነው። በኬንያ የሞምባሳው ኪፔቩ እንዲህ ያለ ነው። ከባድ ነዳጅ ውስጥ ብዙ አመድና እንደ ቫናዲየም ያለ ብረት አለ። አመድ ደግሞ ምንም ብታደርጉት አይቃጠልም። ይህ ጽሑፍ ለእነሱ አይሆንም።

ደረጃ 6፦ መለካት፣ ቁጥሩም እንዳያታልላችሁ

ካስተካከላችሁ በኋላ መለካት ከፈለጋችሁ ባለሙያ ጥሩ። ብናኝ የሚለካው በቱቦው ውስጥ ካለው የጭስ ፍጥነት ጋር እኩል በሆነ ፍጥነት ስቦ፣ ማጣሪያ ላይ አጠራቅሞ፣ በሚዛን መዝኖ ነው። ለዚህ ቱቦው ላይ ቀዳዳ ያስፈልጋል፤ ቀጥ ያለ ረጅም ቱቦ ላይ እንጂ መታጠፊያ አጠገብ አይሁን።

የሚሰጣችሁ ቁጥር ሚሊግራም በኖርማል ሜትር ኪዩብ (በመደበኛ ሙቀትና ግፊት በተሰላ ጭስ) ነው። የዓለም ባንክ ቡድን መመሪያ ከ3 ሜጋዋት የሙቀት ግብዓት (ከነዳጁ የሚገባ ኃይል) ጀምሮ ላሉ ፈሳሽ ነዳጅ ሞተሮች 50 ሚሊግራም ይላል፤ በቂ ምክንያት ሲኖር እስከ 100። የኛ 400 ኪሎዋት ከዚያ በታች ነው፤ ቢሆንም ለማነጻጸሪያ ይጠቅማል። እኛ ሀገር የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደረጃ ጥሶ መበከልን ይከለክላል።

እዚህ ወጥመድ አለ። 50 ሚሊግራም የሚለው ጭሱ ውስጥ 15 በመቶ ኦክስጅን እንዳለ ተቆጥሮ ነው። ሞተር ሎዱ ሲቀንስ ብዙ ትርፍ አየር ያሳልፋል፤ ጭሱ ይሳሳል፤ ቁጥሩ ያንሳል። ስለዚህ ማስተካከል ግድ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። 21 ላይ 15 ስትቀንሱ 6 ይመጣል። 21 ላይ የተለካውን ኦክስጅን ቀንሱ። 6ን በእሱ አካፍላችሁ በተለካው ብናኝ አባዙ።

ሁለት ጊዜ ተለካ እንበል፤ ሁለቱም ጊዜ 40 ሚሊግራም ወጣ። በከባድ ሎድ ኦክስጅኑ 12 በመቶ ከነበረ 40 ሲባዛ በ6፣ ሲካፈል ለ9፣ 27 ገደማ ይሆናል። በቀላል ሎድ ኦክስጅኑ 18 በመቶ ከነበረ ደግሞ 40 ሲባዛ በ6፣ ሲካፈል ለ3፣ 80 ይሆናል። ወረቀቱ ላይ «40» ብቻ ተጽፎ ከመጣላችሁ አትፈርሙ። ኦክስጅኑ ስንት ነበር? ሎዱ ስንት ነበር? በሉ።

ጄኔሬተር ስትገዙ የሚሰጣችሁ ደግሞ ግራም በኪሎዋት ሰዓት ነው። በዚህ መጠን ያለ ሞተር በአሜሪካው የሞተር ጭስ ደረጃ፣ በቲየር 2 ወይም 3፣ ገደቡ 0.20 ነው፤ በቲየር 4 የመጨረሻው 0.02። 200 ኪሎዋት ተሸክሞ 5 ሰዓት ቢሠራ 1,000 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በአንደኛው 200 ግራም፣ በሌላው 20 ግራም ብናኝ ማለት ነው። ግን ተጠንቀቁ፤ ይህ ቁጥር ከ100 በመቶ እስከ 10 በመቶ በአምስት ሎድ ተለክቶ የወጣ አማካይ ነው። የ10 በመቶ ሎዱ ድርሻ በአማካዩ ውስጥ አንድ አሥረኛ ብቻ ነው። ሌሊቱን ሁሉ 11 በመቶ ላይ ለሚያድር ጄኔሬተር ያ አማካይ ብዙ አይነግርም።

ደረጃ 7፦ ማጣሪያ፣ አሁንም ካስፈለገ

ሁለት ዓይነት ዕቃ ይሸጥላችኋል። አንዱ ኦክሲዴሽን ካታሊስት ነው። በብናኙ ላይ የተለጠፈውን ያልተቃጠለ ናፍጣና ዘይት ያቃጥላል፣ ሽታውንም ይቀንሳል፤ ጥላሸቱን ራሱን ግን እምብዛም አይነካም። ሁለተኛው ዲፒኤፍ የሚባለው የብናኝ ማጣሪያ ነው። ጭሱ በሴራሚክ ግድግዳ ቀዳዳ ውስጥ እንዲያልፍ ያስገድደዋል። የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ «ሌቭል 3» ብላ የምታጸድቃቸው ቢያንስ 85 በመቶ ብናኝ የሚቀንሱ ናቸው።

ማጣሪያ ግን ይሞላል። የተጠራቀመው ጥላሸት መቃጠል አለበት፤ ለዚህ ጭሱ ከ300 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሆኖ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት አለበት። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የጭሱን ሙቀት ለሁለት ሳምንት መዝግቡ። ሌሊት 11 በመቶ ላይ የሚያድር ሞተር እዚያ ሙቀት አይደርስም። ማጣሪያው ይደፈናል፣ ግፊት ወደ ሞተሩ ይመለሳል፣ ሞተሩ ይታፈናል፣ ይበልጥ ያጨሳል። ደረጃ 2 እና 3 ሳይሠሩ ደረጃ 7 የማይሠራው ለዚህ ነው። ሙቀቱ ካልበቃ በኤሌክትሪክ ወይም በራሱ ማቃጠያ የሚሞቅ ዓይነት አለ፤ ውድ ነው። ካታሊስት የተቀባ ማጣሪያ ድኙ ዝቅተኛ የሆነ ናፍጣ ይፈልጋል፤ አሜሪካ 15፣ አውሮፓ 10 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ) ነው የሚጠቀሙት። አመዱ ዝቅተኛ የሆነ የሞተር ዘይትም ግድ ነው። የኋላ ግፊት ማንቂያ ሳይገጠም ማጣሪያ አይገጠም።

አንድ ነገር ደግሞ በተደጋጋሚ አያለሁ። የጭስ ማውጫውን ጫፍ በውሃ በርሜል ውስጥ መንከር። «ውሃው ያጥበዋል» ይላሉ። ትልልቁን ቅርፊት ይይዛል፤ ነጠላ ያድናል። ደቃቁ ብናኝ ግን በአረፋው ውስጥ ሆኖ አልፎ ይሄዳል። ጉዳቱ ደግሞ በሞተሩ ላይ ነው። እያንዳንዱ 10 ሴንቲሜትር የውሃ ጥልቀት 1 ኪሎፓስካል ግፊት ነው። ግማሽ ሜትር ከነከራችሁ 5 ኪሎፓስካል። ከ6 እስከ 10 ኪሎፓስካል ብቻ የሚፈቅዱ ሞተሮች ብዙ ናቸው፤ ማርሚታውም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። የናንተን ገደብ ማንዋሉ ላይ እዩ።

ደረጃ 8፦ የቀረው ጭስ የት ይሂድ፣ መቼስ?

የጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ የሚገለበጥ ክዳን እንጂ ወደ ታች የሚመልስ ቆብ አይሁን። ወደ ጎን አይዙር፤ ወደ ላይ ይተፋ። ከጣራው በላይ ይውጣ፤ ከጎረቤት መስኮትና ከራሳችሁ አየር መግቢያ ይራቅ። ነፋስ ሕንፃውን አልፎ ሲወርድ ጭሱን ወደ መሬት ይስበዋል። ይህ ፈጽሞ እንዳይሆን የአሜሪካኖቹ ስሌት ከሕንፃው ቁመትና ስፋት ያነሰውን በ1.5 አባዝቶ በሕንፃው ቁመት ላይ ይደምራል። 12 ሜትር ቁመትና 20 ሜትር ስፋት ላለው ሕንፃ የጭስ ማውጫው ቁመት 30 ሜትር ይመጣል። ማንም አይሠራውም። የተቻለውን ያህል ከፍ ማድረግ ግን ይቻላል።

የፈተናውን ሰዓትም ምረጡ። ከጥቅምት እስከ ጥር ጠዋት አዲስ አበባ ላይ ቀዝቃዛው አየር መሬት ላይ ይተኛል፤ ሞቃቱ ከላይ እንደ ክዳን ይሆናል። 1 ሰዓት ላይ ያስነሳችሁት ጄኔሬተር ጭሱ ሰፈሩ ውስጥ ይቀመጣል። ፀሐይ መሬቱን ካሞቀችው በኋላ፣ ረፋድ ላይ አድርጉት።

እኛ አሁን የምንጽፈው ስድስት ነገር ነው፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ኪሎዋት፣ የጭስ ሙቀት፣ የሪንገልማን ቁጥር፣ ቀለም። ማሞቂያዎቹን ካዛወርን፣ ታይመሩን ከገጠምንና ሁለት ኖዝል ከቀየርን በኋላ የሌሊቱ ቁጥር ከ2 ወደ 0 ወርዷል። ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ 1 ይላል። ማጣሪያ አልገዛንም። ደቃቁ ብናኝ በዓይን ስለማይታይ ግን በዓመት አንዴ እናስለካለን።

ማርሚታው ውስጥ የቆየውን ለማቃጠል ሎድ ባንክ (ሰው ሠራሽ ሎድ የሚሰጥ መሣሪያ) ተከራይተን ከ50 ጀምረን ቀስ በቀስ ወደ 75 በመቶ ወሰድነው። የመጀመሪያው 20 ደቂቃ ጭሱ አስፈሪ ነበር፤ ከዚያ ጠራ። ያን ቀን አስቀድሜ እኚያን እናት ሄጄ «እማማ፣ ዛሬ ልብስ አያስጡ» ብያቸው ነበር። «መቼ መቼ ነው የምታስነሱት? ቁርጡን ንገረኝ» አሉኝ። ማክሰኞ ረፋድ 5 ሰዓት ተባባልን። እሳቸውም እጥበቱን ወደ ረቡዕ አዞሩት።